ዳግመኛ ጡት ማስጣል

ነርሷ ከበሽተኛው አፍ ወደ መተንፈሻ ማሽኑ የሚሄደውን ቱቦ ያዝ አድርጋ ወደ እናቱ ዞረች። «እማማ፣ አይደንግጡ። ሐኪሙ ፈቅዷል፤ ዛሬ ከማሽኑ እናላቅቀዋለን። በእንግሊዝኛ ‹ዊን› ነው የምንለው። ሕፃን ጡት ማስጣል የሚባልበት ቃል ራሱ ነው።»

«እሱማ ጡት መጣል መች ያውቅበታል ልጄ» አለች እናቱ። «እኔን እያየ እንቢ ብሎኝ፣ ጎረቤት ተደብቄ ነው ያስጣልኩት።» ይህን ብላ ጢም ያበቀለውን ልጇን እጅ ለቀቀችና ከመጋረጃው ኋላ ገብታ ቆመች።

ልጇ ከተኛ ጀምሮ ስትሰማው የከረመችው የማሽኑ ትንፋሽ ድንገት ቀጥ አለ። በመጋረጃው ሥር የነርሷ ነጭ ጫማ ብቻ ይታያታል፤ ጫማው አልተንቀሳቀሰም። ቢያስል፣ ቢያቃስት ብላ ጆሮዋን ቀሰረች። ምንም የለም። ስሙን ልትጠራ አፏ ድረስ መጣባት፤ ድምፅዋን ከሰማ እንደዚያን ጊዜው ሙጭጭ ይልብኛል ብላ የመጋረጃውን ጫፍ በጥርሷ ነከሰች። ትንፋሿን ዋጠች፤ ዓይኗ ጨለመባት።

መጋረጃው ተገለጠ። ነርሷ ደግፋ ያዘቻት።

«እማማ፣ እሱ መተንፈስ ጀምሯል» አለቻት። «አሁን የቀሩት እርስዎ ነዎት።»