ያልተቀመሰ ጠላ

«ይኼኛው ደግሞ የቤልጂየም ነው፤ መነኮሳት ናቸው የሚጠምቁት» ይላል ዓለምነህ፣ የወንድሜ ልጅ፤ ጠርሙሱን ከሌሎቹ ጎን ያቆመዋል። የጀርመኑ፣ የቼኩ፣ የኬንያው ተደርድረዋል። ቢራ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ለሥልጠና ወደ ውጭ በላኩት ቁጥር ሻንጣው ውስጥ ጠርሙስ ሸጉጦ ይመለሳል። «አጎቴ፣ የቱን ልክፈትልዎ? እኔ የቼኩን ነው የምወደው። መረር ይላል።»

«መራራውማ ብቸናም ሞልቶልኛል።»

ይስቃል። እኔ ቆርኪዎቹን ነው የማየው። ሁሉም እንደታሸጉ ናቸው፤ እፊቴ ሊከፍታቸው ነው። ይህን ማን መከረው? ጠላ በማይጠፋበት ቤት ለሥጋ ዘመድ የታሸገ ነገር ማቅረብ ምን ማለት ነው?

ወንድሜ ይግዛው መደቡ ላይ ተቀምጦ መቁጠሪያውን ያሻሻል። «ልጃችንን መክሊትን ልንድር ነው፤ አንተ ሳትመርቃት ከቤት አትወጣም» ብሎ ነው ሞጣ ድረስ ያስመጣኝ። ሠርግ ሲደርስ ነው መቼም አጎት የሚታወሰው። ሰው «ወንድሙ የት አለ?» እንዳይለው ነው። እሱ አሥራ ሁለተኛን ሲጨርስ እኔ ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ በሬ እንድከተል ተደረግሁ። ያኔ እኔን፣ የሻውን፣ ይማር ያለ አልነበረም።

ጋኑን ገና ስገባ አይቼዋለሁ። የጓዳው በር ጥግ ቆሟል፤ ከንፈሩ ላይ ሸረፍ ያለው እኔ በልጅነቴ የሸረፍኩት ነው። የእናቴ ጋን። የእሷን ጠላ የማያውቅ ብቸና ላይ አልነበረም። አንድ ቀን ከዚያው ጋን ተቀድቶላት ጠጣች፤ ተኛች፤ አልተነሣችም። የቀዳችላት ጥሩአየሁ ናት፣ የይግዛው ሚስት። ሰው ሁሉ በሆዱ የያዘውን እኔ ተዝካሩ ላይ በአፌ አወጣሁት፦ መርዝ አብልታታለች አልኩ። እነሱም ጋኑን ጭነው ሞጣ ገቡ። ከዚያ ወዲያ ተያይተን አናውቅም።

«ጠላ የለም?» እላለሁ።

የዓለምነህ እጅ መክፈቻው ላይ ይቀራል። አባቱን ያያል። አባቱ ጓዳውን ያያል።

«ቢራው ይሻልሃል» ይላል ይግዛው። «ልጁ ስንት አገር አቋርጦ ያመጣውን።»

«የእናቴ ጋን ቆሞ የፈረንጅ ጠርሙስ ምን ያደርግልኛል?»

«ይመጣላቸዋል» ትላለች ጥሩአየሁ ከጓዳ። ፈጠን ብላ ነው ያለችው፤ ስትጠብቅ የቆየች ይመስል። ይኼም አላማረኝም።

በማንቆርቆሪያ ይዛ ትወጣለች። ሸብታለች። ሙሽራ ሆና እናቴ ቤት ስትገባ «ወንድምዓለም» ብላ ስም ያወጣችልኝ እሷ ነበረች። ዛሬ አንቱ ሆኛለሁ።

«እንዴት ሰነበቱ?» ብላ ብርጭቆውን ትሞላዋለች፤ በሁለት እጇ ታቀርብልኛለች።

እቀበላትና እጠብቃለሁ። በእኛ አገር የቀዳ ሰው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም። ለወዳጅ ወግ ነው፤ ለተጣላ ግን መተማመኛ ነው። የእሷ መዳፍ ደረቅ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትቀዳ የኖረች ሴት ይህን ትረሳለች?

«ቅመሺው» እላታለሁ።

ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ትቆማለች።

«ወዲህ በል፣ እኔ ልቅመስልህ» ይላል ይግዛው እጁን ዘርግቶ።

«የቀዳ ነው የሚቀምሰው። አንተ መች ቀዳህ?»

«አጎቴ፣ ለእኔ ይስጡኝ…»

«አንተ ጠርሙስህን ጠብቅ።»

አባትና ልጅ ሊቀምሱልኝ ይሻማሉ፤ እሷ ብቻ አትሻማም። ተዝካሩ ላይ «ሰክሮ ነው» ያሉኝ ሁሉ አሁን እዚህ በነበሩ። ይኸው፣ በገዛ ልጇ ፊት።

«ተዉት በቃ» ትላለች ጥሩአየሁ።

ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ብርጭቆውን ከእጄ ትወስዳለች። ግራ መዳፏን ታጎደጉዳለች፣ ጠብ ታደርግበታለች፣ ትጠጣለች። ቶሎ አትውጠውም። አዲስ ነገር እንደቀመሰ ሕፃን አፏ ውስጥ ታቆየዋለች።

«ለካ ጌሾው ይበዛበታል» ትላለች። ለማንም አይደለም የምትናገረው።

ይግዛው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። የሚነግረኝ ዓለምነህ ነው፤ ዓይኑን ከጠርሙሶቹ ሳያነሣ።

«ተዝካሩ ላይ ያንን ከተናገሩ ወዲህ ቀምሳው አታውቅም። 'የሻው አምኖኝ ከእጄ ሳይጠጣ ከዚህ ጋን ጠብታ አፌ አይገባም' ብላ በጊዮርጊስ ምላ ነበር። ስትጠምቅ የምትቀምስላት ጎረቤታችን ናት። እኛ 'ቅመሺ ቢላትስ' ብለን ፈራን። የታሸገ ቀማሽ አያሻውም ብለን ነው ቢራውን የደረደርነው። እሷ ግን 'ዝም በሉ፣ የእናቱን ጋን ሲያይ ራሱ ይጠይቃል፤ ዝም ብሎም ይጠጣል' ስትለን ነበር።»

ተንኮል ነው ልል አፌን እከፍታለሁ። መሐላውን ቀድመው አጥንተውት ሊሆን ይችላል፤ የተማሩ ናቸው። የጌሾውን ነገር ግን ማን አስጠንቷት ትለዋለች?

«እንግዲህ ይጠጡ» ትለኛለች፤ ብርጭቆውን ትመልስልኛለች። «ምንም የለበትም።»

ብርጭቆው እጄ ላይ ይከብደኛል። ከመዳፏ ያመለጠች ጠብታ በክንዷ ቁልቁል ወርዳ ክርኗ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላለች። አትጠርጋትም።