የምድጃው መጠባበቂያ

በጠርሙስ ፋብሪካው ምድጃ ላይ መጠባበቂያውን የኦክስጅን መለኪያ የገጠመው አንድ ወጣት ቴክኒሻን ነው። ዋናው መለኪያ ሲበላሽ ጋዙን በራሱ እንዲዘጋ ሊያስተካክለው ይገባ ነበር፤ ቸኮለና ሳይሞክረው «ተሞክሯል» ብሎ ፈረመ። ለሥራ አስኪያጁም «ከእንግዲህ እሳቱን ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አያስፈልጋችሁም» አላቸው።

በወሩ ዋናው መለኪያ ተበላሸ፤ ጋዙ ግን በጊዜ ተዘጋ። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስበው «መሣሪያህ ነፍሳችንን አተረፈ!» ሲሉ አስጨበጨቡለት። እሱ ሰው ሲበተን ሄዶ የመጠባበቂያውን ሳጥን ከፈተ። መጠባበቂያው ጭራሽ አልበራም ነበር።

«ታዲያ ጋዙን ማን ዘጋው?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አጠገቡ የቆሙት የእሳት ጠባቂው ጋሽ ሽብሩ በፋሻ የተጠቀለለ እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ።

«ለማንም አልተናገርኩም፣ ልጄ። ይልቅ ዛሬውኑ አብራው፤ እኔን ከነገ ጀምሮ አሰናብተውኛል።»