የቱሉ ዋደሳ አውጫጭ

ኢማን የሥዕል አስተማሪ ናት። ከሚሴ ውስጥ የሥዕል አስተማሪ ብዙም ስለማይፈለግ ስፖርትም ታስተምራለች።

በ2001 ዓ.ም. ጥር ላይ በከተማው አዳራሽ አንድ ሐውልት አቆመች። ወታደር ነው። አካሉ የመድፍ ቀለህ፣ እግሮቹ የግራር ጉቶ ናቸው። ራሱ ላይ የብረት ቆብ ደፍቷል፤ ፊት ግን የለውም። በጠመንጃ ፋንታ መጥረቢያ ተሸክሟል።

ከሐውልቱ ጀርባ ባለው መስኮት ቱሉ ዋደሳ ይታያል። ስሙ በኦሮምኛ የዋንዛ ጋራ ማለት ነው፤ ዋንዛ ግን የለበትም። ከሃያ ዓመት በፊት በነበረው ጦርነት ጊዜ ሥሩ የሰፈረው ጦር ለምሽግና ለማገዶ ቆርጦ ጨረሰው። የተረፈውን ከተማው አከሰለው። ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ገበያው መሃል ይገባል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ምንጩ ይደርቃል። ጥፋቱን ሁሉም ያውቀዋል። አጥፊ ነኝ ያለ ግን የለም።

ኢማን ከሐውልቱ እግር ሥር ክዳኑ የተበሳ አሮጌ የጥይት ሳጥን አስቀመጠች። «ጋራውን ማን አራቆተው? ስሙን ጽፈው ይክተቱ» የሚል ወረቀት ለጠፈችበት። ሐሳቡን የወሰደችው ከአውጫጭ ነው። ድሮ ሰፈር ውስጥ ወንጀል ሲፈጸም ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው በስውር እስኪጠቆም አይበተንም።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች አለቃ ሼህ ዓብዱልመጂድ ነገሩን ወደዱት። ቅጣትም ጨመሩበት። ስሙ በብዛት የወጣ ሰው ጋራው ላይ ሺህ ችግኝ ይተክላል፤ ሦስት ክረምት ይጠብቀዋል፤ እስከዚያም ከሽማግሌ ጋር አይቀመጥም።

«ያለ ቅጣትማ ወሬ ብቻ ይሆናል፣ ልጄ» አሉ።

ኢማን አንድ እውነተኛ ስም ቢወጣ ይበቃታል። ካልወጣ ግን ሐውልቷ ከቁርጥራጭ ብረት አይለይም።

ጥቆማው ምስጢር ነው ቢባልም፣ ሁሉም የጻፈውን በር ላይ እየቆመ ያወራ ነበር።

«እኔ ባቲዎችን ነው የጻፍኩ» አለች በርበሬ ነጋዴዋ ቶይባ። «ከሰሉን ማን ገዛው ታዲያ?»

«እኔ ፍየል» አለ የአዳራሹ ዘበኛ ቃሲም።

«የማንን ፍየል?»

«የጎረቤቴን።»

አንዱ ደግሞ ፈረንጆችን ጽፎ ወጣ። ሰማዩን በጭስ ያበላሹት እነሱ መሆናቸውን በሬዲዮ ሰምቷል። ይህኛው መልስ እውነት እንዳለበት ኢማን ታውቃለች። ግን ችግኝ የሚጠብቅ ፈረንጅ ከሚሴ ላይ ከየት ይመጣል?

የጀይላንን ስም ጮክ ብሎ ያነሣ አልነበረም።

ጀይላን ቁርጥራጭ ብረት ይነግዳል። ቀለሁንም፣ ቆቡንም፣ ሳጥኑንም የሸጠላት እሱ ነው። በሳንቲም የሚከራከር ሰው ሆኖ ሳለ መጥረቢያውን በነፃ ሰጣት። በጦርነቱ ጊዜ ወታደር ነበር፤ የት እንደነበረ አይናገርም። አሁን ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንዲሆን ተመርጧል፤ በሚቀጥለው ወር ይቀመጣል።

ሳጥኑ ከተቀመጠ ጀምሮ ጀይላን ከአዳራሹ አልጠፋም።

«አካም ቡልቴ፣ ቲቸር» ሲል በኦሮምኛ ሰላም አላት አንድ ጠዋት። «አንድ ሰው ስንት ጊዜ ነው የሚጽፈው?»

«አንድ ጊዜ ነው፣ ጋሽ ጀይላን።»

«ሁለቴ ቢጽፍስ? ማን ያውቃል?»

«አላህ።»

«እሱማ ያውቃል» ብሎ ወጣ።

በማግስቱ የኮቱ ኪስ አብጦ መጣ።

«ከልጁ ደብተር ላይ ወረቀት ሲገነጥል አይቼዋለሁ» አላት ቃሲም። «ወላሂ፣ ፊርማውን እንኳ እያላበው ነው የሚጽፍ። ይሄን ሁሉ በማን ሊያስጽፍ ነው?»

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ኢማን ሳትጠበቅ ገባች። ጀይላን ተንበርክኳል። የሳጥኑ ማጠፊያ ወልቋል። ኪሱ ከትናንቱም ይበልጥ አብጧል።

«ማጠፊያው ላልቶ ነው፤ ላጠብቀው ብዬ» አለ መዶሻውን እያሳያት።

«አልላላም ነበር።»

«አሁን ላልቷል።»

ኢማን መጮህ ፈለገች። ግን ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲረብሻት እንኳ ጮኻ አታውቅም። ወጥታ ሼሁ ቤት ሄደች።

«ሼህ፣ ሳጥኑ ተነክቷል። ቢቀር ይሻላል።»

«ማን ነካው?»

ኢማን መሬት መሬት አየች። የሰው ስም ከአፏ አልወጣ አላት።

«አየሽ?» አሉ ሼሁ ፈገግ ብለው። «አንቺም ሳጥን ያስፈልግሻል። ይልቅ ነገ ከጁምዓ በኋላ እንከፍተዋለን።»

አርብ አዳራሹ ጢም አለ። ጀይላን ከፊት ተቀምጦ ግንባሩን ይጠርጋል። ኢማን ሐውልቱ ጀርባ ቆመች። የሚወጡትን ስሞች አስቀድማ ታውቃቸዋለች፤ ባቲ፣ ፍየል፣ ፈረንጅ። ሰው ይስቃል፣ ይበተናል፣ ጀይላንም በወሩ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀመጣል።

ሳጥኑ ተከፈተ። ቃሲም ቆጠረ፤ መቶ ሠላሳ ሁለት ወረቀት።

ሼሁ የመጀመሪያውን ገለጡ፤ አዩት፤ አስቀመጡት። ሁለተኛውን ገለጡ። ሦስተኛውን።

«ባቲ የለም እንዴ?» አለች ቶይባ።

«ፍየሉስ?» አለ ቃሲም።

ሼሁ መግለጣቸውን ቀጠሉ። ሃያኛው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁና ሳጥኑን ወደ ኢማን ገፉላት። እጇን ከትታ የቀሩትን አንድ በአንድ አወጣች። ሁሉም ከተማሪ ደብተር የተገነጠሉ፣ በአንድ እጅ በተንጋደደ ፊደል የተጻፉ ናቸው።

መቶ ሠላሳ ሁለቱም ላይ የተጻፈው አንድ ስም ነው፤ ጀይላን፤ የጻፈውም ጀይላን።