ባዶው ቦታ

የስክሪኑ ሰማያዊ የመጫኛ መስመር ጫፍ ልትደርስ ስትል እንደገና ጠፋች። ፕሮግራመሩ ለቤተሰቡ በሠራው ድረ ገጽ ላይ የሟች አባቱ ድምፅ አልጫን አለው፤ ድምፁ ያለበት የእናቱ አሮጌ ስልክ ደግሞ አንዴ ከጠፋ የሚነሳ አይመስልም። ምክንያቱን ሲፈልግ ያገኘው የራሱን እጅ ሥራ ነበር፤ ዘመድ አዝማድ ገጹን በሰርግ ቪዲዮ እንዳይሞላው ያበጀው የፋይል መጠን ገደብ።

«እማዬ፣ አባባ ትንሽ አውርቶ እንቅልፍ ወስዶታል፤ አንቺ ቀረጻውን አላቆምሽውም፤ ለዚህ ነው የረዘመው። ባዶውን ልቁረጠው?»

«የቱን ባዶ? ጆሮህን ምን ነካው!» ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈችበት።

ከዝናብ ማዶ እንደሚመጣ ሁሉ ትንፋሽ መጣ፤ ሄደ፤ ተመለሰ። ገደቡን አነሳው። መስመሯ ቀስ እያለች ተጓዘች፤ ክፍሉም አብሯት የሚተነፍስ መሰለው። ጫፍ ስትደርስ በደስታ ሊጮህ አፉን ከፈተ።

«ቀስ!» አለች እናቱ በሹክሹክታ። «ትቀሰቅሰዋለህ።»