የአባቷ ካሜራ

«ትንሽ ወደ ኋላ በይልኝ» አላት ባሏ ምንተስኖት፣ ካሜራውን ዓይኑ ላይ ደግኖ። ከጀማ ገደል አፋፍ አቁሞ ደጋግሞ አንስቷታል፤ ባነሳት ቁጥር ወደ ኋላ ያስኬዳታል።

ካሜራው የሟች አባቷ ነው፤ ባትሪ እንኳ የማይፈልግ፣ አሮጌ ባለ ፊልም። ልጅ ሳለች ፎቶ ቤታቸው ውስጥ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ «በቀኝ ያለውን ማንሻ ስትስቢ በግራ ያለችው ክብ ማዞሪያ አብራ ትዞራለች። ካልዞረች ፊልም የለውም ማለት ነው፤ ሰው በባዶ አትገትሪ» ይሏት ነበር። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ካሜራውን ከመሳቢያ ያወጣው አልነበረም። ዛሬ ጠዋት ግን ምንተስኖት፣ ያ ፊቱን አዙሮባት የከረመው ሰው፣ «አዲስ ፊልም አጉርሼዋለሁ። እንታረቅና ወጣ ብለን ፎቶ እንነሳ» ሲላት ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

«ገደሉ አልቀረበኝም?» አለችው አሁን።

«እኔ እያየሁልሽ አይደል? ሸለቆው በሙሉ እንዲገባልን ነው።»

ከተረከዟ ስር አንድ ድንጋይ አምልጦ ወረደ። ሲያርፍ ድምፁ አልተሰማም።

ምንተስኖት ተጠጋትና ነጠላዋን አስተካከለላት። ዞር ብሎም መንገዱን ቃኘ፤ ሰው የለም።

«ይቺ የመጨረሻዋ ናት» አላትና እዚያው ፊቷ እንደቆመ ማንሻውን በአውራ ጣቱ ሳበ።

ዓይኗ በልማድ ወደ ክቧ ማዞሪያ ሄደ።

አልዞረችም።