ሦስት ቀን ዜሮ

ሦስት ቀን ሙሉ የምጽፈውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ ከሚተረጉመው ከኮምፓይለሩ ጋር ተጣላሁ። የሠራሁላቸው የሆስፒታሉ የፋርማሲ ፕሮግራም ይንቀራፈፋል ሲሉኝ፣ ለበሽተኛው የማይስማማ መድኃኒት ሲታዘዝ እየጮኸ የሚያስጠነቅቀውን የፕሮግራሙን ክፍል፣ ፈንክሽኑን፣ ጠረጠርኩ። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሠራ የሚቆጥር መከታተያ ላደርግበት ስል መከታተያው «በዚህ ስም ፈንክሽን የለም» አለኝ።

ይሄ የኮምፓይለሩ አመል ነው። ፕሮግራሙን አፈጥናለሁ እያለ ፈንክሽኖቹን አንዱን በሌላው ውስጥ ይጨፈልቅና ስማቸውን ያጠፋዋል። እየተራገምኩ ማፍጠኑን ከለከልኩት፤ ስም ሁሉ እንዲመዘገብ አድርጌ እንደገና ሠራሁትና ጫንኩት። ስሙ ተገኘ። ቁጥሩ ግን ያን ቀንም፣ በማግስቱም ዜሮ።

«አሁንም ትዋሸኛለህ!» ብዬ ጠረጴዛውን ስደበድብ የፋርማሲዋ ኃላፊ ወይዘሮ ትርንጎ ደወሉ።

«አይዞህ ልጄ፣ ቢዘገይም አንቀየምህም» አሉኝ። «የድሮው ፕሮግራም እኮ በየሰዓቱ እየጮኸ ያስቆመን ነበር። ያንተው በአራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ጮኾብን አያውቅም።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ፈንክሽኑ እንዲሠራ የሚጠራበትን ፋይል ከፈትኩ። የሚጠራው መስመር እንዳይሠራ ታግዷል። ከጎኑ ከአራት ዓመት በፊት እኔው ራሴ የጻፍኩት ማስታወሻ አለ፦

«ለፕሮግራሙ ምርቃት ቀን ብቻ። እንግዶቹ ፊት እንዳይጮህ። ነገ ይመለሳል።»

«አለህ ልጄ?» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። «በል ልዝጋው፣ የዛሬው የመድኃኒት ወሳጅ ሰልፍ በሩን አልፎ ወጥቷል።»