የሜትሩ ጫፍ

ኮምፒውተር መሸጫ ሱቅ ውስጥ አናጢው የሜትሩን ጫፍ ግራፊክስ ካርድ በሚሉት የኮምፒውተር ዕቃ አንድ ራስ ላይ በአውራ ጣቱ ይጫንና ወደ ሌላው ራስ ይስበዋል፤ ጫፉ ሸርተት ብሎ ይመለስበታል። ደግሞ ይይዘዋል፣ ደግሞ ያመልጠዋል። ዕድሜ ልኩን እንጨት የለካ ሰው ዛሬ ከክንዱ የምታጥር ዕቃ መለካት አቅቶታል። ድሮ ጫፉን የምትይዝለት ልጁ ነበረች። ሳንቃው ላይ ተንበርክካ «ያዝኩት» ትለው ነበር።

«ጋሼ፣ ቢለኩትም አይገባም» ትላለች ባለሱቋ ቀስ ብላ። «ካርዱ ከኮምፒውተሩ ሳጥን ይረዝማል። መጀመሪያ የሚመረጠው የውስጥ ዕቃው ነው፣ ሳጥኑ ኋላ ይደርሳል። እርስዎ ከሳጥኑ ጀመሩ።»

«ከቦታው ነዋ የጀመርኩት። ቁም ሳጥን ስሠራም መጀመሪያ የማየው የሚቆምበትን ግድግዳ ነው።»

ቦታው የልጁ ጠረጴዛ ነው። ከደረሰባት የመኪና አደጋ ወዲህ እግሯ አልታዘዝ ብሏት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ውላ ታመሻለች። ጠረጴዛውን የሠራላት ራሱ ነው፤ ወንበሯ ከሥሩ እንዲገባ አድርጎ፣ በቀኝ እጇ በኩል የኮምፒውተር ማስቀመጫ አበጅቶ። ሳጥኑ ከዚያ ከሰፋ ጎማዋን ይዘጋባታል።

ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ከአፏ የወጣው ይኸው ነው፦ «ኮምፒውተር እፈልጋለሁ። ጌም የምጫወትበት፣ ፊልም የማቀናብርበት።» ከዚያ ወዲያ ዝም። የቀረበላት ምግብ እንኳ ሳይነካ ይመለሳል። ዛሬ ባዶ እጁን ቢገባ ያቺም አንዲት ፍላጎት ትጠፋ ይሆን እያለ ይሰጋል።

«አጠር ያለ ካርድ አለኝ» ትላለች ባለሱቋ። «ለጌሙ አያሳፍርም። ለፊልሙ ግን ይንቀራፈፋል፤ አንዱን ምስል ከሌላው እስክታያይዝ ይመሽባታል። የቱ ቢቀር ይብስባታል?»

አያውቅም። አባቷ ሆኖ አያውቅም።

ልጁ ጋ ይደውላል፤ ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ ባንኮኒው ላይ ተቀምጧል። አንስታዋለች፤ ትንፋሿ ይሰማል፣ ሌላ ነገር የለም።

«የኔ እናት፣ ጌሙ ይሻልሻል ፊልሙ?»

ትንፋሽ።

«እሺ፣ መናገሩ ይቅር። ጌሙ ከሆነ አንዴ ሳል በይ፣ ፊልሙ ከሆነ ሁለቴ።»

ምንም የለም። ባለሱቋ ፊቷን ወደ መደርደሪያው ታዞራለች።

«እንግዲያው ረጅሙን ስጪኝ» ይላል አናጢው። «ትርፉን እቆርጠዋለሁ።»

«የምኑን ትርፍ?»

«የካርዱን። ጥርሱ ደቃቅ የሆነ መጋዝ አለኝ፤ ስንጥቅ አይታይበትም።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ እንጨት አይደለም። ከቆረጡት አበቃለት።»

«ታዲያ ምን ልቁረጥ? ንገሪኝ እንጂ ልጄ፣ ምን ልቁረጥላት?»

ለማሳያ የተገጣጠመው ኮምፒውተር ማራገቢያ ብቻ ይዞራል።

«ጠረጴዛውን።»

ሁለቱም ስልኩ ላይ ያፈጣሉ። ድምፁ የሻከረ ነው፤ ተዘግቶ ከርሞ የተከፈተ በር ይመስላል።

«አባዬ፣ ካርዱን እንዳትነካው። ሰፋ ያለ ሳጥን እንዲገባ ጠረጴዛውን ቁረጠው።»

«ጎማሽስ? ወንበርሽ የት ይገባል?»

«እንለካዋለና። ና ብቻ። ጫፉን እኔ እይዝልሃለሁ።»

ሜትሩ በአናጢው እጅ እንደተዘረጋ ነው፤ ማንም ያልያዘው ጫፍ ከባንኮኒው አልፎ አየር ላይ ይርገበገባል።